ኤክሊፕስ ስለተባለው ፈረስና ስለ ዘሩ፤ ለፈረስ አርቢዎችና ለሹማምንት የሚሆን ትምህርት

ፈረስ በአገራችን ከከብት ሁሉ የተለየ ክብር አለው። ከብት ሁሉ በጌታው ስም ይጠራል፤ በፈረስ ግን ጌታው በከብቱ ስም ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸው የታወቀ ነው። አዝማሪው በሰርግ፥ አልቃሹ በለቅሶ ያነሣው የነበረ ይህንኑ የፈረስ ስም ነው። ስሙ እንዲህ ሲከበር የኖረው ፈረስ ግን አባቱ ማን እንደ ነበረ፥ ከማን ባዝራ እንደ ተወለደ፥ ግልገሎቹስ ለማን እንደ ደረሱ ሲነገር አይሰማም። ስሙ ለጌታው ቀረ፤ ዘሩ ግን በሜዳው ተበትኖ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ።

በእንግሊዝ አገር የሆነው ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ኤክሊፕስ የሚባል አንድ ፈረስ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፥ በዓለም ሁሉ ለእሽቅድምድም ከሚረቡት ምርጥ ዘር ፈረሶች ከመቶው 95 ያህሉ በአባት በኩል ትውልዳቸው ከእርሱ ይመዘዛል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ መመርመር ለፈረስ ወዳድ ሁሉ የሚያስደስት ነው፤ ይልቁንም በሰበታና በተጂ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ባዝራ ለሚያረቡና ለአገሩ ከብት ለሚያስቡ ሹማምንት እጅግ ይጠቅማል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የሆነው ግን በየስፍራው ይገለጣል።

ኤክሊፕስ የተወለደው በ1764 ዓ.ም. በዊንዘር አጠገብ በነበረው በከምበርላንድ መስፍን በልዑል ዊልያም የፈረስ ማርቢያ ነው። ልዑሉ የንጉሥ ጊዮርጊስ 2ኛ ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 1 ቀን የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ ስለ ነበረ፥ ለግልገሉ በእንግሊዝኛ ግርዶሽ ማለት የሆነውን ኤክሊፕስ የሚለውን ስም አወጡለት። መልኩ ዳማ፥ ግንባሩ ቦቃ፥ አንዱ የኋላ እግሩም ነጭ ነበር። አባቱ ማርስክ፥ እናቱም ስፒሌታ ይባሉ ነበር።

የአባቱን ወገን ወደ ላይ ስንቈጥር ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል። ቶማስ ዳርሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ከሶርያ ከተማ ከሐለብ አንድ የዐረብ ፈረስ ገዝቶ በ1704 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሰደደ። ይህ የዳርሊ ዐረብ የተባለው ፈረስ ባርትሌት ቻይልደርስ የሚባለውን ወለደ፤ እርሱም ስኵዊርትን ወለደ፤ ስኵዊርትም ማርስክን፥ ማርስክም ኤክሊፕስን። ባርትሌት ቻይልደርስ ሲሮጥ ደም ይፈሰው ስለ ነበር በእሽቅድምድም ሜዳ አንድ ቀን እንኳ አልታየም። የስኵዊርት ግን ከዚህም ይብሳል። ሰኰናውን ታሞ ለምንም አይረባም ስለ ተባለ እንዲገደል ታዝዞ ለውሾች ቀለብ ሊሆን ሲወሰድ፥ አንድ ፈረስ ጠባቂ ጌታውን ለምኖ እንዳስጣለው ይነገራል። ያ ጠባቂ ባይለምን ኖሮ ማርስክም ኤክሊፕስም ባልተወለዱም ነበር። በእናቱ በኩልም ስፒሌታ የሬጉለስ ልጅ ናት፤ ሬጉለስም የጎዶልፊን ዐረብ የተባለው የሌላው ታላቅ ፈረስ ልጅ ነው። እንግዲህ በዚህ አንድ ግልገል ሁለት ታላላቅ የዘር ምንጮች ተገናኙ ማለት ነው።

ልዑሉ ግን የግልገሉን ፍሬ ለማየት አልታደለም፤ በጥቅምት ወር 1765 ዓ.ም. ሞተ። ከብቱ ሁሉ በሐራጅ ሲሸጥ ዊልያም ዋይልድማን የሚባል የሥጋ ነጋዴ ግልገሉን በ75 ጊኒ ገዛው። ጊኒ የሚባለው 21 ሽልንግ የነበረ የእንግሊዝ ወርቅ ነው። ፈረሱ አድጎ በልጓም ሊገራ በተጀመረ ጊዜ ጠባዩ እጅግ ክፉ ሆነ፤ ይናከሳል፥ ይራገጣል፥ ሰው አያስጠጋም። ብዙዎች ይኰላሽ ብለው መከሩ። ዋይልድማን ግን ምክራቸውን አልተቀበለም፤ ብርቱ የፈረስ ገሪ ፈልጎ አስረከበው። ገሪውም ቀን ሲጋልበው እየዋለ ሌሊትም ወደ ዱር እየወሰደ እንዳደከመው ይተረካል። እንደ ምክራቸው ተኰላሽቶ ቢሆን የዓለም የፈረስ ዘር ዛሬ ያለውን መልክ ባልያዘም ነበር። የፈረሱ ቍጣ የጕልበቱ ምልክት መሆኑን አስተውሎ መጠበቁ ለሥጋ ነጋዴው የሚያስመሰግነው ነው።

ኤክሊፕስ ለእሽቅድምድም የወጣው አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ፥ ግንቦት 3 ቀን 1769 ዓ.ም. በኤፕሰም ሜዳ ነው። የዚያ ዘመን እሽቅድምድም እንደ ዛሬው አጭር አልነበረም። ፈረሱ አራት ማይል ማለት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሮጣል፤ ጥቂት አርፎ እንደ ገና ያንኑ ያህል ይሮጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ሦስተኛ ይደግማል። በነገሥታቱ ስም በተሰጡት ውድድሮች ላይ ኤክሊፕስ የተሸከመው ክብደት 76 ኪሎ ያህል ነበር። ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም፤ እስትንፋስና ጽኑ አጥንት ያስፈልግ ነበር።

በዚያ ቀን ኤክሊፕስ የመጀመሪያውን ዙር ካሸነፈ በኋላ፥ ዴኒስ ኦኬሊ የሚባል በዕዳ ታስሮ የተፈታ የአየርላንድ ቁማርተኛ፥ በሁለተኛው ዙር ፈረሶቹ የሚገቡበትን ተራ አስቀድሜ እናገራለሁ ብሎ ተወራረደ። ተናገር ቢሉት ኤክሊፕስ አንደኛ፥ የቀሩት የትም የሉም አለ። በሕጉ መሠረት ከአሸናፊው 220 ሜትር ያህል ወደ ኋላ የቀረ ፈረስ እንዳልሮጠ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ሕግን ዐውቆ የተነገረ ነው። ኤክሊፕስም ሌሎቹን ሁሉ ከዚያ ርቀት ኋላ ጥሎ ገባ፤ ኦኬሊም ውርርዱን በላ። ወዲያውም በዚያው ዓመት የፈረሱን እኩሌታ በ650 ጊኒ፥ በሚከተለው ዓመት የቀረውን እኩሌታ በ1100 ጊኒ ገዛ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእሽቅድምድም ታሪኩ ባጭሩ ይነገራል፤ ተሸነፈ የሚባል ቀን ስለሌለ ብዙ የሚተረክ የለውም። 18 ጊዜ ተወዳድሮ 18 ጊዜ አሸነፈ፤ ከነዚህም 11ዱ የንጉሥ ሽልማት የሚባሉት ነበሩ። በአንዳንዱ ሊወዳደረው የሚደፍር ጠፍቶ ብቻውን በሜዳው እየሄደ ሽልማቱን ወሰደ። አለንጋና የተረከዝ መውጊያ አልነካውም ይባላል። በመጨረሻ በእርሱ ላይ የሚወራረድ ሰው ስለ ታጣ በ1771 ዓ.ም. ከእሽቅድምድም ወጥቶ ለዘር ተመደበ። የሮጠው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ለዘር የኖረው ግን 18 ዓመት ያህል ነው። ባለቤቱ ኦኬሊ በጨዋዎቹ የፈረስ ማኅበር ለመግባት ቢመኝ ስለ ቀድሞ ኑሮው ከለከሉት፤ ባዝሮቻቸውን ለማስጠቃት ግን እነዚያው ጨዋዎች ወደ ደጁ ይመጡ ነበር።

ለአንድ ባዝራ ማስጠቂያ 50 ጊኒ ይከፈል ነበር፤ ኋላ ዋጋው ቀንሷል። ኦኬሊ ከዚህ ፈረስ 25,000 ፓውንድ ያህል እንዳተረፈ ይነገራል። የኤክሊፕስ ልጆች 344 ያህል አሸናፊዎች ሆኑ። ደርቢ የሚባለው ታላቁ እሽቅድምድም በ1780 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሦስቱን የእርሱ ልጆች ወሰዱ፤ ያንግ ኤክሊፕስ በ1781፥ ሳልትራም በ1783፥ ሳርጀንት በ1784። ዛሬ ያለው ዘር የሚወርደው ግን ይልቁንም ፖትኤቶስና ኪንግ ፈርገስ ከሚባሉት ከሌሎች ሁለት ልጆቹ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ሦስቱን ታላላቅ እሽቅድምድሞች አሸንፎ ስሙ በዓለም የተሰማው ሴክሬታርያትም በአባት በኩል የኤክሊፕስ ወገን ነው። እንዲህም ሆኖ ኤክሊፕስ በሕይወቱ ሳለ በዓመቱ የልጆቹ ድል ብዛት አንደኛ ተብሎ አያውቅም፤ ሄሮድና የሄሮድ ልጅ ሃይፍላየር የሚባሉት ይበልጡት ነበር። የድንጉላ ፍሬ በአንድና በሁለት ዓመት የሚመዘን አይደለም።

የአባቱ የማርስክ ነገር ደግሞ ለባለ ከብቶች ልዩ ትምህርት አለው። ልዑሉ በሞተ ጊዜ ማርስክ እጅግ በጥቂት ዋጋ ተሽጦ በገጠር ማንም የማያስበው የገበሬ ፈረስ ሆኖ ነበር። ዋይልድማን ግን የኤክሊፕስን ኀይል ገና ሌላው ሰው ሳያውቅ ስላወቀ፥ ፈልጎ በ20 ጊኒ ገዛው። ኤክሊፕስ ከታወቀ በኋላም ለአንድ መኰንን በ1000 ጊኒ ሸጠው፤ ማስጠቂያውም 100 ጊኒ ደረሰ። ፈረሱ ያው ነው፤ ክብደቱ አልጨመረም፥ መልኩም አልተለወጠም። የተለወጠው የልጁ መታወቅ ብቻ ነው። በመረጃ የታወቀ ትውልድ ዋጋ ያለው ሀብት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ሆኖም በዚያ ዘመን የትውልድ መዝገብ ገና ስላልጸና፥ የኤክሊፕስ አባት ማርስክ ሳይሆን ሼክስፒር የሚባል ሌላ ድንጉላ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ብዙ ክርክር አስነሣ። ክርክሩ የሺህ ጊኒ ነገር ነበረና ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ጄምስ ዌዘርቢ የሚባለው ሰው በየቤቱ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ በ1791 ዓ.ም. የፈረሶችን አጠቃላይ የትውልድ መጽሐፍ መግቢያ፥ በ1793 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጽ አሳተመ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ እየታደሰ ይታተማል፤ በዚያ ያልተጻፈ ፈረስ ምንም ቢሮጥ ከምርጡ ዘር አይቈጠርም። ትውልድ ቈጠራን ከወንጌል ራስ የተማሩ የአብነት ተማሪዎች የዚህን ጥቅም ከማንም አስቀድመው ሊረዱት የሚችሉ ናቸው።

ኤክሊፕስ በየካቲት 27 ቀን 1789 ዓ.ም. በሆድ ቍርጠት ሞተ፤ ዕድሜውም 24 ዓመት ያህል ነበር። ሬሳው በከንቱ አልተጣለም። ሻርል ቪያል ዴ ሴንቤል የሚባል በፈረንሳይ የተማረ የከብት ሐኪም አካሉን ከፍቶ መረመረ፤ አጥንቱን አንድ በአንድ ለካ፤ ስለ ልኩም መጽሐፍ ጻፈ። ልቡ 6 ኪሎ ከሩብ ያህል መዘነ፤ ይህም ከተለመደው የፈረስ ልብ የሚበልጥ ነው። ደግሞም የፈረንሳይ ሊቃውንት መልካም ፈረስ እንዲህ ነው ብለው ካወጡት ልክ ጋር ቢያስተያየው አልገጠመም። ዳሌው ከጫንቃው ከፍ ያለ፥ በዐይን ሲታይም ብዙ የማያምር ሆኖ ተገኘ። በገበያ ቀን ፈረስን በአንገቱ ደጋንነትና በጭራው ርዝመት ብቻ የሚገዛ ሰው ኤክሊፕስን አልፎት ይሄድ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1791 ዓ.ም. በለንደን የእንግሊዝ የመጀመሪያው የከብት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህር ሆኖ የተሾመው ይኸው ሴንቤል ነው። የኤክሊፕስም ዐፅም ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት ቆሞ ይታያል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አላት፤ በአፍሪካም ከቀዳሚዎቹ ናት። ተመራማሪዎች የአገሩን ፈረሶች መርምረው በስምንት ወገን ከፍለዋቸዋል፤ ከነዚህም አንዱ ከሱሉልታ ወደ ሰሜን በሚገኘው ደጋ የሚረባው የሰላሌ ፈረስ ነው። የሰላሌ ፈረስ በቁመቱና በግልቢያው የታወቀ ስለ ሆነ፥ በዘር ምርጫ ሊሻሻል የሚችል ሀብት በአዲስ አበባ ደጃፍ ተቀምጧል ማለት ነው። የፈረስ ፍቅርም አልጠፋም። በአዊ አገር በ1932 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፥ በዐድዋ ዘመቻ ለዋሉት ፈረሶች መታሰቢያ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓል ሲያከብር ኖሯል። የጐደለው ፍቅር አይደለም፤ የጐደለው ምርጫና ጽሕፈት ነው።

ጉዳቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በባዝሮች ላይ ነው። በደጋው ያማረችና ቁመተ ረጅም የሆነች ባዝራ ስትገኝ ባለቤቷ ለአህያ ድንጉላ ይሰጣታል፤ በቅሎ ከፈረስ ይልቅ በብዙ ዋጋ ትሸጣለችና። በቅሎ ግን መካን ናት። እንግዲህ ምርጧ ባዝራ ዕድሜዋን ሁሉ በቅሎ ስትወልድ ኖራ ዘር ሳትተካ ትሞታለች፤ ፈረስ የምትወልደው ለበቅሎ የማትሆነው ደቃቃዪቱ ትሆናለች። ይህ ነገር በየትውልዱ ሲደጋገም የአገሩ ፈረስ ቢያንስ ምን ያስደንቃል? በቅሎ አይወለድ ማለት አይቻልም፤ ለመንገድም ለጭነትም ታስፈልጋለች። ነገር ግን ምርጥ ባዝራ ያለው ሰው ከሦስት ወሊድ ሁለቱን ለበቅሎ ቢያደርግ እንኳ አንዱን ለመልካም ድንጉላ ፈረስ እንዲያደርግ ሹሙ ቢመክርና ቢያግባባ፥ ዘሩ ከመጥፋት ይድናል።

በድንጉላው በኩልም የሚሠራው ስሕተት ከዚህ አያንስም። ቍጡውና ብርቱው ግልገል አስቸገረ ተብሎ ቶሎ ይኰላሻል፤ ደካማውና ለዛዛው ግን ማንም ስለማይፈራው ሳይኰላሽ ከባዝሮቹ ጋር በሜዳ ይውላል፤ ባዝሮቹንም የሚያጠቃቸው እርሱ ይሆናል። በኤክሊፕስ ላይ ሊደረግ የታሰበው በእኛ ሜዳ በየቀኑ ይደረጋል። በአንድ ቀበሌ ሁለት ወይም ሦስት የተመሰከረላቸው ድንጉሎች ተመርጠው ተጠብቀው፥ የቀሩት ወንዶች ሳይጎለምሱ ቢኰላሹ ለሁሉም ይበጃል። ከሁለትም ማነስ አይገባም፤ የእንግሊዞቹ ዘር በጥቂት አባቶች ላይ ስለ ተደገፈ ዛሬ ሊቃውንቱ የሥጋ ዝምድናው እየበዛ መሄዱን አይተው ስለ ጤናው ይሠጋሉ። ልጅን ከአባቱ፥ እኅትን ከወንድሟ እንዳይገናኙ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ያለ መዝገብ አይቻልም።

ግልገሉን ያለ ዕድሜው መጫንም አጥንቱን ያጐብጠዋል። ኤክሊፕስ በአምስት ዓመቱ ለእሽቅድምድም ሲወጣ፥ በእኛ አገር ሁለት ዓመት ያልሞላው ውርንጭላ ከጋሪ ሲጠመድ ይታያል። የፈረስ ጀርባ አጥንት ጠንቶ የሚያልቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ከአራት ዓመት በፊት ኰርቻ ባይጫንበት፥ ጋሪም ባይስብ መልካም ነው። በተጂና በበቾ ሜዳ መሬቱ መረሬ ስለ ሆነ በክረምት ጭቃው ሰኰናን ያለሰልሳል፥ ያበሰብሳልም፤ ስለዚህ ያረገዘችዋንና የምታጠባዋን ባዝራ ከነግልገሏ በክረምት ወደ ደረቅ ጕብታ ማውጣት፥ ሰኰናዋንም በየጊዜው መጥረብ ይገባል። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው፤ ባለ ከብቱ ይህን አስቦ ውልደቱ ጭቃው ደርቆ ሳር ገና ባለበት በጥቅምት እንዲሆን ከፈለገ በኅዳር ማስጠቃት አለበት።

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውም ሊዘነጋ አይገባም። በሽታውን የሚያስተላልፉት ከምሽት እስከ ንጋት የሚበሩ ደቃቅ ትንኞች ናቸው፤ የሚበረታውም ዝናብ ሲያበቃና ውሃ በየሜዳው ሲተኛ ነው። በአዋሽ ዳር ባሉት ቀበሌዎች ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረሶችን በቤት ማስገባት ይረዳል፤ ክትባቱም በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚዘጋጅ ስለ ሆነ ሹማምንት በጊዜው ቢያስመጡ ብዙ ከብት ይተርፋል። ከውጭ አገር ምርጥ ዘር ድንጉላ አምጥቶ ማዳቀልን ለሚያስቡም ይህ ማስጠንቀቂያ ይሁን። የእንግሊዝ ፈረስ ቈዳው ስስ፥ መኖው ብዙ፥ ለዚህ በሽታ ፈጽሞ እንግዳ ነው፤ የደጋው ፈረስ ግን በጭድና በሳር ኖሮ ቀጭኑን የተራራ አየር የለመደ ነው። ባለው መጀመር ይሻላል።

በመንገድ ዳር የሚጣሉት ያረጁ የጋሪ ፈረሶችና ባዝሮች ነገር ደግሞ የሚያሳዝን ነው። ከነዚህ መካከል ገና መውለድ የምትችል ባዝራ ብትገኝ ትውልዷን ማን ይጠይቃል? ስኵዊርትን ያዳነው አንድ ፈረስ ጠባቂ ነበር።

የመዝገቡ ነገር እንደሚያስፈራው ከባድ አይደለም። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃል። በአንዱ ገጽ የባዝራዪቱ መልክና ምልክት፥ የባለቤቱ ስምና ቀበሌ ይጻፋል፤ ከዚያ በታች ያጠቃት ድንጉላ ማን እንደ ሆነ፥ ቀኑም ይጻፋል፤ ስትወልድም የግልገሉ ጾታ፥ መልክና የልደት ቀን ይታከላል። ባለቤቱ ሲሸጥ ገዢው ስሙን አስመዝግቦ የገጹን ግልባጭ ይወስዳል። ጸሓፊው ባዝራዪቱን በዐይኑ ሳያይ በባለቤቱ ቃል ብቻ እንዳይጽፍ ይጠበቅ፤ የሼክስፒርን ክርክር ያመጣው እንዲህ ያለው ነገር ነውና። ደብተሩ ከአይጥና ከእርጥበት ርቆ በሣጥን ይቀመጥ፤ ጸሓፊው ሲለወጥም በቍጥርና በፊርማ ለሚተካው ያስረክብ።